ክንድ ከስንዝር

አናጢ ነኝ እኔ፣ ከእነዋሪ ወፍጮ ጀርባ፤
በር የምገጥም፣ ለሙሽራ አልጋ የማበጅ፣ ብፌ የማስገባ።
ትንሽ ሳጥን ሥራ የሚለኝ አልነበረም፣
እስከዚያች ነሐሴ፣ የጅሩ ጭቃ እግር ይዞ ሲለግም፣
ስንዴው በአረም ሲታነቅ፣ ሰማዩም ሲያጉረመርም።

ማናህሎት ረጭቶ የተረፈችውን ጥቂት
በሃይላንድ ገልብጦ ከአልጋ ሥር ሸሸጋት፤
«ለነገ ትሆናለች»፤ ደክሞታል፣ ረሳት።
እሱባለው ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሃይላንድ ያውቃል፤
ውኃ ሲቀዳበት፣ ወተት ሲላክበት ዐይቷል፤
ክዳን መክፈት ደግሞ ትናንት ለምዷል።

ስሙስ ቢሆን ምን ይረዳዋል?
ለአረም ሲሉ መድኃኒት፣ ለአይጥ ሲሉ መድኃኒት፣
አያቱ ማታ ማታ ለግፊት የምትውጣት
ቀይ ክኒን፣ መድኃኒት።
አዳኝና ገዳዩን ባንድ ስም ጠርተን፣
ሕፃን ይለየዋል ብለን ተኛን፣ መብራት አጥፍተን።

ጩኸት ሰምቼ ደረስኩ፣ መጋዝ በእጄ እንደያዝኩ፤
አንዷ «ወተት» ስትል፣ አንዷ «በጣት አስተፉት»፣ ዝም ብዬ ቆምኩ።
አስናቀች ደረሰች፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና፤
«ምንም አታጠጡት! አታስመልሱትም! ባጃጅ ጥሩና
ጠርሙሱም አብሮት ይሂድ፣ ሐኪሙ ይጠይቃልና።»

ጠየቀም። ደብረ ብርሃን ላይ ጠርሙሱን ዐየው፤
ወረቀቱ ላይ ያለው የተራራ ምንጭ ነው።
«የጠጣው ምንድን ነው?»
ማናህሎት አንገቱን ደፋ፤ ስሙ ያለበትን ቆርቆሮ
ለዶሮ ውኃ መስጫ አድርጎታል፣ አፉን ቆርጦ፣ አሳምሮ።

ልጁ ዳነ። በአሥራ አንድ ቀኑ ተመለሰ በአባቱ ጫንቃ፤
ድምፁ ግን ሻክሯል፣ እንደ ዛገ መጋዝ፣ ሲስቅም ሲነቃ።

ከዚያ ማናህሎት መጣ። «ሳጥን ሥራልኝ፣ ቁልፍ ያለው።»
«የት ነው የሚሰቀለው?»
«እጁ የማይደርስበት።»
ሄድኩ፤ ልጁን ግድግዳ አስጠግቼ «ተንጠራራ!» አልኩት።
በእርሳስ ምልክት።
በርጩማ አምጥቶ ወጣበት፤ ምልክት።
ጀሪካን ጎትቶ በርጩማው ላይ ሊደርብ ሲል አባቱ ሳቀ፣
ወዲያው ፊቱ ደረቀ።
ሦስተኛውን አሰመርኩ፤ ከሱም በላይ፣ ሳልናገር፣
ጨመርኩበት ክንድ ከስንዝር።

ወሬው ቀበሌውን ዞረ። በረኪና ያላት፣ ላምባ ያላት፣ ክብሪት፣
የሪሞት ድንጋይ የሚበትን ልጅ ያላት፣
ሁሉም ሳጥን አሉኝ፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት።
እማማ ዘነበወርቅ ብቻ፣ «የኔን ክኒን ማንም አይነካም፤
ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ፣ ከጎኔም አይለይም።»
ከዚያው ቋጠሮ ግን እሑድ እሑድ ሳንቲም ይፈቱለታል፤
የልጅ ልጃቸው መቋጠር አይችልም፤ መፍታት ግን ለምዷል።
ዝም ብዬ ለሳቸውም ሠራሁ። ዋጋ አልጠየቅኩም።

ይህን ሁሉ ስል ጀግና እንዳልመስላችሁ።
ኅዳር ላይ፣ ቀትር ነው፣ ሱቄ ውስጥ፣ ልንገራችሁ፤
ቫርኒሽ እየቀባሁ ነው፣ ፊቴ ወደ ብርሃን፤
ልጄ ከእናቷ ቀድማ ገባች፤ «አባዬ ጠማኝ፤ ልጠጣ ይሄን?»
ዞርኩ። ቲነሬ በአምቦ ጠርሙስ ነበር፤ ክዳኑም አልነበረ።
እጄ ከኔ ቀደመ፤ ጠርሙሱ መሬት ላይ ተሰበረ።
ሽታው እስከ ማታ ከሱቁ አልወጣም።
ማስተዋል ብዬ ስም አውጥቼ ለልጄ፣
ማስተዋልን ላጣ ነበር በገዛ እጄ።

ያን ዕለት፣ ያለ ትእዛዝ፣ አንድ ሳጥን ለራሴ ሠራሁ፤
ቁልፉን ከማተቤ ጋር ከአንገቴ አሰርሁ።
በመቃኑ ላይ የእጇን መድረሻ በእርሳስ አሰምራለሁ፣
በየሦስት ወሩ፣ ካልረሳሁ።

ትናንት ለካሁ። አንድ ጣት አድጋለች፤
መዶሻ ሳነሣ «ለምንድነው?» አለች።
«አደግሽ» አልኳት። ሚስማሩን ነቀልኩት፣
ወደ ላይ መለስኩት።